በየምሽቱ ግማሹ የሚተርፈው መጥበሻ

አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበረ፤ ስሙ ጓንጉል ይባላል። ሚስቱ ሦስት ልጆች ጥላበት ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏት ነበር። በእነዚያ ሦስት ዓመታት በዚያ ቤት ውስጥ ምግብ ማለት ሆድ መሙያ ማለት ነበር። አባትዬው ከሥራ ሲመለስ የተገኘውን ይቀቅላል፣ ልጆቹ ዝም ብለው ይበላሉ፣ ከዚያ ይተኛሉ። ጎረቤት እንኳ ከዚያ ቤት የሽንኩርት ሽታ የሸተተው መቼ እንደነበር አያስታውስም።

በአራተኛው ዓመት፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ ጓንጉል ደብሪቱን አገባ።

ደብሪቱ ሦስት መንገድ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ባለ የነጋዴዎች ማረፊያ ቤት ዐሥር ዓመት ምግብ ያበሰለች ሴት ናት። በቅሎ ጭኖ የሚመጣ ነጋዴ ሲርበው ትዕግሥት የለውም። እሷም ከዚህ የተነሣ አንድ ጥበብ ተማረች፤ ሰውዬው ጭነቱን አራግፎ፣ እጁን ታጥቦ እስኪቀመጥ ድረስ በአንድ መጥበሻና በአንድ እሳት ሙሉ እራት ታደርሳለች። ለእሷ መጥበሻ ሲሉ መንገዳቸውን የሚያጣምሙ ነጋዴዎች ነበሩ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ሳይበላ የተመለሰ ምግብ የምታስታውሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው ሰውዬ ጥርሱን ታሞ ነበር፤ ሌላኛው ደግሞ በቅሎው ጠፍታበት።

ወደ ጓንጉል ቤት ስትመጣ ከልብሷ ሌላ የያዘችው ያንኑ ሰፊ የብረት መጥበሻ ነበር። ወልዳ አታውቅም። ሦስቱ ልጆች እንዲወዷት በጣም ትፈልጋለች፤ በአፍ ማባበል ግን አልተሰጣትም። ትልቋ ልጅ ዘርትሁን ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ነገረኛ ያልሆነች፣ ግን ብዙ የምታይ ልጅ። መካከለኛው ይርዳው ቀልደኛ ነው። ትንሿ ትጓደድ ስድስት ዓመቷ ሲሆን፣ የማታውቀው ሰው ሲያናግራት ከአባቷ ጀርባ ትደበቃለች። ደብሪቱ ሦስቱንም አየቻቸውና በልቧ አንድ ነገር ወሰነች፤ በመጥበሻዬ እገባባቸዋለሁ አለች።

ቀን ቀን ወፍጮ ቤት እህል ስታበጥር ትውላለች። ወደ ቤት የምትመለሰው ፀሐይዋ ልትጠልቅ ትንሽ ሲቀራት ነው። ልጆቹ ደግሞ በዚያ ሰዓት ርቧቸው በራፍ ላይ ተደርድረው ይጠብቋታል። ስለዚህ ሦስት ድስት ጥዳ የምትንጎራደድበት ጊዜ የላትም።

አሠራሯን እዚህ ላይ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ መጥበሻው ውስጥ ያለውን ያላወቀ ሰው ነገሩ አይገባውም። መጀመሪያ ባዶውን መጥበሻ በደንብ ታግለዋለች። ከዚያ የተከተፈ ሽንኩርት ትጨምራለች፤ ዘይትም ቅቤም ሳይነካው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና ቅባቱን ቀድሞ ያፈሳል። ሽንኩርት ግን መጀመሪያ የራሱን ውሃ መጨረስ አለበት፤ ጣፋጭ የሚሆነው ያኔ ነው። ውሃው አልቆ ጠርዙ ቡናማ መሆን ሲጀምር ቅቤው ይገባል። በርበሬው ይከተላል፤ እንዳያርርም ትንሽ ውሃ ጠብ ይደረግለታል። ቲማቲም ይጨመራል፣ ቋንጣው ተሰባብሮ ይገባል፣ ውሃ ይፈስስበትና ይንተከተካል። ቀጥሎ እንጀራውን በእጇ እየቆራረሰች ትበትንበታለች። በመጨረሻም በማንኪያ ጀርባ አምስት ጎድጓዳ ቦታ ታበጅና አምስት እንቁላል ትሰብርባቸዋለች፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ። ክዳኑን ከድና እሳቱን ትቀንሳለች። ሲከፈት እንቁላሎቹ እንደተቀመጡ ረግተዋል፣ ከሥር ያለው እንጀራ ደግሞ ትንሽ ይዞ ቅርፊት ሠርቷል። ይኸ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ወቅቱ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ነበሩ፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት። ስለዚህ ቅቤውም እንቁላሉም በየቀኑ ይፈቀዳል።

የመጀመሪያው ምሽት ደረሰ። ደብሪቱ ወደ ሌላ ሳህን ለመገልበጥ ጊዜ ስላልነበራት መጥበሻውን እንዳለ አምጥታ መሀል ላይ አስቀመጠችው። ጓንጉልና ሦስቱ ልጆች ከበቡት። በጓዳው በር በኩል ያለው ወገን ብቻ ክፍት ሆነ። ጓንጉል ቀና ብሎ ነይ ተቀመጪ እንጂ አላት። እሷም ማንኪያዋን እንደያዘች የጓዳውን መቃን ተደግፋ፣ “እናንተ ብሉ፣ እኔ እደርሳለሁ” አለች።

ይህን ያለችው ለይሉኝታ ብቻ አይደለም። ያደገችው እንዲህ ነው። በእናቷም ቤት፣ በማረፊያ ቤቱም፣ ያበሰለ ሰው በልቶ የሚያውቀው ሌላው ከጠገበ በኋላ ነው። አብሳይ ከእንግዳው ጋር እጁን ከሰደደ እንደ ስስታም ይታያል። ጓንጉልም ሁለተኛ አልለመናትም። አዲስ ሙሽራ ናት፣ ደጋግሜ ባስጨንቃት ታፍራለች ብሎ ተወው።

ሁሉም እንደ ደንቡ ከየፊቱ በላ። ብዙ ሳይቆዩ አንድ በአንድ እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ተመስገን ብለው ተነሡ። ደብሪቱ መጥበሻውን ልታነሣ ጎንበስ ስትል ሩቡ ያህል ሳይነካ ቀርቷል። አንድ እንቁላልም ቁጭ ብሏል።

ልቧ ትንሽ ወረደ። የመጀመሪያ ቀን ነው፣ እጄን አልለመዱትም ብላ ራሷን አጽናናች። ልትቀምሰው እንኳ አልፈለገችም። ማረፊያ ቤት ለኖረ ሰው ተበልቶ የተመለሰ ምግብ ማለት ወቀሳ ማለት ነው፤ ወቀሳ ደግሞ አይዋጥም። ስለዚህ የተረፈውን በሳህን አድርጋ፣ ማንም ሳያያት በጓሮ በኩል ወጣችና ለጎረቤታቸው ለአያ ቢሻው ሰጠቻቸው። አያ ቢሻው ብቻቸውን የሚኖሩ ገመድ ገማጅ ሽማግሌ ናቸው። ሳህኑን ተቀብለው መርቀው ሸኟት። እሷም ተመልሳ መጥበሻውን በአመድ አሽታ አጠበችው፤ አፏ ላይ ጣል ያደረገችው ወፍጮ ቤት ከያዘችው ቆሎ የተረፈውን ነበር።

በማግስቱ በርበሬውን ቀነሰች፤ ምናልባት አቃጥሏቸው ይሆናል ብላ። የተረፈው ከትናንቱ በለጠ። በሦስተኛው ቀን ቅቤውን ጨመረች፤ አሁንም በለጠ። አንድ ቀን እንጀራውን ትታ ድንች በቋንጣ ሠራች፤ አንድ ቀን ከላይ አይብ ነሰነሰችበት፤ አንድ ቀን ቃሪያውን ሰንጥቃ በነጭ ሽንኩርት ሞላችው። ልጆቹ ክዳኑ ሲከፈት ዐይናቸው ይበራል። ትጓደድ እንደውም ክዳኑ ሳይከፈት ጀምሮ ምራቋን ትውጣለች። ግን ትንሽ ይበሉና ያቆማሉ። ሩብ የነበረው ሲሶ ሆነ፤ ሲሶ የነበረው ግማሽ ሆነ። እንቁላሎቹም አንድ የነበሩት ሁለት፣ ሁለት የነበሩት ሦስት እየሆኑ ይቀራሉ።

ከዚህ ወዲያ በዚያ ሰፈር አንድ የሚገርም ነገር ይታይ ጀመር። ጥሩ አብሳይ የገባችበት ቤት ቤተሰብ እየከሳ ሄደ። ደብሪቱም ጉንጯ ጎደጎደ። በአንጻሩ ጎረቤት ያሉት አያ ቢሻው ፊታቸው ወዛ፤ ወገባቸው ላይ የሚያስሩትን ገመድ ሁለት ጊዜ አስረዝመው ገመዱት። የሰፈሩ ሴቶች አያ ቢሻው በስተርጅና ሊያገቡ ነው እንዴ እያሉ ሳቁባቸው። እሳቸውም አልካዱም።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ደብሪቱ ያላትን ሁሉ አወጣች። ቋንጣውን እጥፍ አደረገች፤ ቅቤዋም የመጨረሻው ነበር። ክዳኑን ስትከፍት ጓንጉል ራሱ ሳያስበው ወደ መጥበሻው ተጠጋ። በሉ። አቆሙ። ተመስገን አሉ። ጎንበስ ብላ ስታይ ከአምስቱ እንቁላል አራቱ ሳይነኩ ቀርተዋል።

ያኔ ቆረጠች። ማንንም አልተቆጣችም። እነዚህ ሰዎች ጨዋ ስለሆኑ አፍ አውጥተው አልተናገሩም እንጂ ከዚህ በላይ እንዴት ይንገሩኝ አለች። የእናታቸውን እጅ ነው የሚፈልጉት፤ የእኔ ምግብ ምንም ቢሆን የባዕድ ምግብ ነው። ነገ ሐሙስ ነው፣ ቀን ገበያ ይቆማል። ዓርብ ማለዳ ጭነኞች ወደ ወንድሟ አገር ይመለሳሉ፤ ከእነሱ ጋር ልትሄድ ነው። ፀሐይዋ ብትጠልቅም ብርሃኑ ገና አልጠፋም፤ ሳህኑን ይዛ እንደተለመደው በጓሮ ወጣች።

አያ ቢሻው በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ገመድ እየገመዱ ነበር። ሳህኑን ሲያዩ ፈገግ ብለው እጃቸውን አራገፉ። ደብሪቱም ሳህኑን አስጨብጣቸው፣ ዓርብ ከጭነኞች ጋር ስለምትሄድ ከነገ ወዲያ እንደማታመጣላቸው ነገረቻቸው። ምክንያቱንም አልደበቀችም። ምግቤን ጠልተውታል፣ ምግቤን የጠላ ደግሞ እኔን አይወድም፣ ስለዚህ ሳያስወጡኝ ልውጣ አለች።

ሽማግሌው አንዱን ጉርሻ አፋቸው ውስጥ ከተው ነበር። ማኘካቸውን አቆሙ። ሳህኑን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እንደገና ሳህኑን አዩ። እንግዲህ የእሳቸውንም ነገር ማሰብ ነው። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፤ ዕድሜ ልካቸውን ያልበሉትን እራት ለዐሥራ ሦስት ቀን በልተዋል። ዝም ቢሉ የነገዋ አንዲት ምሽት ትተርፋቸዋለች፤ ቢናገሩ ግን ያችም ትቀርባቸዋለች። አንዳንድ ሰው በከብት ይፈተናል፣ አንዳንድ ሰው በሹመት። እሳቸው የተፈተኑት በአራት እንቁላል ነው።

በመጨረሻ ሳህኑን መሬት አስቀመጡት።

“የኔ ልጅ” አሉ፣ “ርቦት ሳለ ምግቡን የጠላ ሰው እንዴት እንደሚበላ ታውቂያለሽ?”

“አይበላማ።”

“ይበላል እንጂ። ደህና ደህናውን ለቅሞ ይበላል። እንቁላሉን ያወጣል፣ ሥጋውን ያወጣል፣ ደረቁን እንጀራ ይተውልሻል። እኔ ዐሥራ ሦስት ቀን ከዚህ ሳህን በላሁ። አንድም ቀን ሥጋ የጎደለው አልመጣልኝም። እንደውም እይው፤ ቋንጣው ሁሉ በአንድ በኩል ተሰብስቧል። ሰው በጣቱ ገፍቶ ነው እዚህ ያደረሰው። ይኸ የተረፈ ምግብ አይደለም፤ ይኸ ለሰው የተቀመጠ ድርሻ ነው።”

“ለማን?”

“ከዚያ ቤት ሰዎች ያልበላው ማነው?”

ደብሪቱ መጥበሻውን በሐሳቧ አየችው። አራት ሰው በአራት ወገን ይቀመጣል፤ የሚተርፈው ግን ሁልጊዜ በአንድ ወገን ነው፣ በጓዳው በር በኩል፣ እሷ በምትቆምበት። ያንን ባዶ ቦታ ለዐሥራ ሦስት ቀን ከላይ ሆና ስታየው ኖራለች። ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠና ወደ ሽማግሌው ዞረች።

“አንቱ፣ ይህን ያስተዋሉት መቼ ነው?”

“በሦስተኛው ቀን።”

“ታዲያ ዐሥር ቀን ሙሉ ምን ሲያደርጉ ነበር?”

“ስበላ ነበር” አሉ አያ ቢሻው፣ ዐይናቸውን ወደ ገመዱ መልሰው።

ልትቆጣ ፈልጋ ሳቋ አመለጣት። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ነገ አብስዪ፣ አቅርቢ፣ ከዚያ ማንም ሳይለምንሽ በባዶው ቦታ ቁጭ በዪ ብለው መከሯት። ተሳስቼ ከሆነ ዓርብ ጭነኞቹ የትም አይሄዱብሽም አሏት።

በማግስቱ ደብሪቱ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ፍርሃት ይዟት ነበር። ዐሥር ዓመት ሙሉ ለማያውቋት ነጋዴዎች ስታበስል እንዲህ ሆና አታውቅም። ከማብሰል ይልቅ መቀመጥ እንዲህ ያስፈራል ብሎ ማን ያስባል? ሽንኩርቱን አቁላላች፤ ቅቤው ስላለቀ በዘይት ሠራችው። ቋንጣም ትንሽ ብቻ ነበር። ከምሽቶቹ ሁሉ ቀለል ያለው እራት የዚያ ቀኑ ነበር ማለት ይቻላል። አምስት እንቁላል ሰበረች፣ ከደነች፣ አወጣች፣ መሀል ላይ አስቀመጠች።

ማንኪያዋን ወደ ጓዳ ወረወረችና በባዶው ቦታ ቁጭ አለች።

የሁሉም እጅ አየር ላይ ቆመ። ጓንጉል ሚስቱን እንደ አዲስ እንግዳ አያት። ይርዳው ምን ሆነች በሚል እህቱን በክርኑ ነካ አደረጋት። ደብሪቱ ቀና ብላ ማንንም አላየችም። ከፊቷ ቆርሳ፣ ከእንቁላሉም ጨምራ፣ አፏ ውስጥ ከተተች። አኘከች። ዋጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት የራሷን ምግብ ቀመሰች ማለት ነው፤ ጨው ትንሽ እንዳነሰው ያን ጊዜ አወቀች።

ትጓደድ ናት መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው። በትንሿ ጣቷ የራሷን እንቁላል ወደ ደብሪቱ ወገን ልትገፋ ጀመረች፤ እንደለመደችው። ደብሪቱ እጇን ያዘቻትና ይኸ ያንቺ ነው፣ የኔ ይኸውልሽ አለቻት። ልጅቷ አባቷን አየች። አባቷ ምንም ስላላለ እንቁላሉን አንሥታ ሙሉውን አፏ ውስጥ ከተተችው። ጉንጯ ተነፍቶ፣ ዐይኗ ፈጦ፣ ማኘክ አቅቷት ስትታገል ሁሉም አዩዋትና ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ያየ ይፍረድ። አራት ሰው ለዐሥራ ሦስት ቀን የቻለውን ረኃብ በአንድ ምሽት አወጣው። እጅ ከእጅ ተጋጨ። ጓንጉል የልጁን ቋንጣ ወሰደ፤ ይርዳው የአባቱን ቃሪያ ነጠቀ። ከሥር ያለውን ቅርፊት ለመፋቅ ዘርትሁንና ይርዳው ተሻሙ፤ ዳኝነቱ ለደብሪቱ ቀረበና ለሁለቱም ከፈለችላቸው፣ ትልቁን ግን ለራሷ አስቀረች። ይህን ስታደርግ ሁሉም ደስ አላቸው።

መጥበሻው ባዶ ሲሆን ጓንጉል ከትከት ብሎ ሳቀና ያሰበውን አወጣው። እኛ እኮ ለአንቺ ነበር የምንተወው አላት። የመጀመሪያው ቀን እሱ ትንሽ ተወላት፤ ዘርትሁን ሳትነግረው ትንሽ ተወችላት፤ ትንንሾቹም እንዲሁ። አንዱ ሌላውን አላማከረም። ስለዚህ የአንድ ሰው ድርሻ አራት ጊዜ ተቀመጠ።

“ጧት ስናይ ደግሞ መጥበሻው ተጠርጎ ታጥቧል” አለ ጓንጉል። “ይቺ ሴት ቀኑን ሙሉ እህል ስታበጥር ውላ እንዴት አይርባት፣ ትንሽ ብንጨምርላት አልን። ጨመርን። እሱም በነጋታው ተጠርጎ ታጠበ። እንደገና ጨመርን።”

“እኔማ ከሰፈራችን ገበሬ ከአያ ታከለ በሬ ጋር ነበር የማወዳድርሽ” አለ ይርዳው። “ግማሽ መጥበሻ በልታ እንዴት ትከሳለች እያልኩ ጓደኞቼን ስጠይቅ ነበር።”

ደብሪቱ ምግቡ የት ይሄድ እንደነበር ነገረቻቸው። የአያ ቢሻው ገመድ ለምን እንደረዘመ ሲገባቸው ጓንጉል ሆዱን ይዞ ወደ ኋላ ተጋደመ። ግን ዘርትሁን ብቻ አልሳቀችም። ጣቷን በመጥበሻው ጠርዝ ላይ እያዞረች ቆየችና ቀስ ብላ ተናገረች።

“እናታችንም እደርሳለሁ ትል ነበር፣ እትዬ። በየማታው። እሷ ስትበላ ግን አይተን አናውቅም። ይተርፋት እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም።”

ደብሪቱ ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባት። እሷ የእናታቸው እጅ ናፍቋቸው ምግቤን ጠሉ ስትል ስትከርም፣ እነሱ ለእናታቸው ያላደረጉትን ለእሷ እያደረጉ ኖሯል። ወደ ዘርትሁን ተጠጋችና አንድ ቃል ብቻ ሰጠቻት፤ ከዛሬ ወዲያ እደርሳለሁ እንደማትል።

በዚህ መሀል አያ ቢሻው በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ሳቁን እየሰሙ ነበር። የዚያን ምሽት ሳህን አልመጣም። እሳቸውም እንደማይመጣ ያውቁ ስለነበር ቆሎ ቢጤ ቆርጥመው ገመዳቸውን ይዘዋል። በኋላ ለሰው ሲናገሩ በሕይወቴ ከበላሁት እራት ሁሉ የጣመኝ ያ የሰማሁት ነው ይሉ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ ግን እንቁላል ይሻላል ብለው ይጨምራሉ። ደብሪቱም አልረሳቻቸውም። በማግስቱ ስታበስል ስድስተኛ እንቁላል ሰበረች፤ ትጓደድንም ልካ አስጠራቻቸው። እሳቸው በልቻለሁ ብለው ቢልኩባት ራሷ ወጣችና፣ በሳህን ከእንግዲህ አይላክልዎትም፣ መብላት ከፈለጉ መጥተው ከኛ ጋር ይቀመጡ አለቻቸው። መጡ። ስድስት ሰው ሲከበው መጥበሻው ጠበበ፤ ጉልበት ከጉልበት ተነካካ። ከዚያ ቤት ምግብ ሲተርፍ ያየ ሰው ከዚያ ወዲህ የለም። ዓርብ ማለዳ የመጡት ጭነኞችም ማንንም ሳይጭኑ ሄዱ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እናገኛለን?

በዚያ ቤት አንድም ክፉ ሰው አልነበረም። ሁሉም ለሌላው አሰበ፤ ሁሉም የራሱን ድርሻ ለሌላው ተወ። ቢሆንም ቤቱ ሊፈርስ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ለምን? ፍቅራቸው ሁሉ በዝምታ ስለተሠራ ነው። ያልተነገረ ደግነት ለሚቀበለው ሰው ጥላቻ ሊመስለው ይችላል። ለምወደው ሰው ትቼለታለሁ ብሎ ማሰብ አይበቃም፤ ይኸ ያንተ ነው ብሎ በአፍ መናገር ያስፈልጋል። ሃፍረትና ይሉኝታ ከፍቅር በላይ ሲናገሩ ስንት ቤት ሳይጣላ ይፈርሳል።

ሁለተኛው ነገር ለሚሰጡ ሰዎች ነው። ሁልጊዜ የሚሰጥ፣ ሁልጊዜ የሚያገለግል፣ ግን አንድም ቀን የማይቀመጥ ሰው ትሑት እንደሆነ ይመስለዋል። ሳያውቀው ግን ሌሎች ለእሱ ደግ የሚሆኑበትን በር ዘግቶባቸዋል። ደብሪቱ ለዐሥራ ሦስት ቀን ቅመም ስትቀያይር ቆየች። የጎደለው ቅመም አልነበረም፤ የጎደለችው እሷ ነበረች። ቅቤ ባለቀበት ቀን የተሠራው እራት ከሁሉም በላይ የጣመው ለዚህ ነው።

ይህን ያነበብክ፣ ይህን ያነበብሽ፣ ዛሬ ማታ እራት ሲቀርብ እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ዙሪያውን እዩ። በእናንተ ቤት መቃኑን ተደግፎ “እናንተ ብሉ፣ እኔ እደርሳለሁ” የሚለው ሰው ማነው? መቼስ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ሲበላ ያያችሁት?